አክቲቭ ማይንድስ፦ ተማሪ ለተማሪ የሚደርስበት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ሲመዘን

በአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተማሪዎች የአእምሮ ጤና ላይ ከሚሠሩት ድርጅቶች አንዱን ብቻ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ወላጆች አስተዋውቅ ብባል፣ ሳላመነታ የምጠራው አክቲቭ ማይንድስን ነው። በምሥራቃዊው የአገሪቱ ክፍል በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስማር የቅርንጫፉ አባል ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ከተመረቅሁ በኋላም በአካባቢዬ ያሉ የሐበሻ ተማሪዎች ስለዚሁ ክበብ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ለእነርሱና ለወላጆቻቸው ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ አክቲቭ ማይንድስ ተማሪን በሐኪም ቦታ አያስቀምጥም፤ አድማጭና አመላካች እንዲሆን ያሠለጥነዋል፤ ይህንንም በሚያስመሰግን ብቃት ይሠራዋል። ደካማ ጎኑ የሚታየው ተማሪው የተቸገረ ጓደኛውን ወደ ባለሙያ ካመላከተ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ሲሆን፣ ያ መንገድ ደግሞ ለእኛ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ጠመዝማዛ ነው።

የድርጅቱን አመጣጥ ማወቅ ባሕርዩን ለመረዳት ይጠቅማል። መሥራቿ አሊሰን ማልሞን በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ታላቅ ወንድሟ ብራያን ሕይወቱን አጠፋ። ብራያን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ በውጤቱ የሚመሰገን፣ በተማሪዎች ጋዜጣ የስፖርት አምድ አዘጋጅ የነበረና የመዝሙር ቡድን የሚመራ ወጣት ነበር። ከመጀመሪያ ዓመቱ ጀምሮ ድባቴና ከእውነታ የሚነጥል ሕመም እንዳለበት ግን በዙሪያው ከነበሩት ጓደኞቹ መካከል የጠረጠረ አልነበረም፤ እርሱም ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገረም። እኅቱ በዩኒቨርሲቲዋ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ተማሪዎች በግልጽ የሚነጋገሩበት ክበብ ስትፈልግ አጣች፤ ስለዚህም በ2001 ራሷ አቋቋመች፤ በ2003 ደግሞ ክበቡ አክቲቭ ማይንድስ በሚል ስም አገር አቀፍ ድርጅት ሆነ። ዛሬ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዋሽንግተን ዲሲ ሲሆን በብዙ መቶ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ቅርንጫፎች አሉት።

ይህ ታሪክ ለአበሻ ቤተሰብ ባዕድ አይደለም። በእኛ ዘንድ ጎበዝ ተማሪ የሆነ ልጅ «ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ውጤቱ ካልወረደ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄዱን ካላቆመ፣ ስልክ ሲደወልለት ካነሣ፣ ሌላ ነገር የሚጠይቀው የለም። የዕድሜ ልክ የአእምሮ ሕመሞች ሦስት አራተኛው እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ድረስ እንደሚጀምሩ ሮናልድ ኬስለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ሰፊ የአሜሪካ ጥናት አሳይተዋል። ልጁ ከቤት ወጥቶ ዶርም የሚገባው፣ ወላጅ ፊቱን በየዕለቱ ማየት የሚያቆመው በዚሁ ዕድሜ ውስጥ ነው። ለውጡን ቀድሞ የማየት ዕድል ያለው እንግዲህ አብሮት የሚያድረው፣ አብሮት የሚበላውና አብሮት የሚያጠናው ጓደኛው ነው። አክቲቭ ማይንድስ የቆመው በዚህ ቀላል እውነት ላይ ነው።

ቅርንጫፎቹን የሚመሩት ተማሪዎች ናቸው። አባል ለመሆን ሳይኮሎጂ ማጥናት ግዴታ አይደለም፤ ኢንጂነሪንግ፣ ነርሲንግ፣ አካውንቲንግ የሚማሩ ሁሉ ይገባሉ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አማካሪ የሚሆን መምህር ወይም ሠራተኛ ይኖራል፤ ዋናው ጽሕፈት ቤት ደግሞ የሥልጠና ጽሑፎችን፣ የዝግጅት መመሪያዎችንና የቅስቀሳ ዘዴዎችን ይሰጣል። እዚህ ላይ ወላጆች ማወቅ የሚገባቸው ነገር አለ፤ ቅርንጫፉ ሕክምና አይሰጥም፣ ምርመራ አያደርግም፣ የታማሚዎች ስብሰባም አይደለም። ልጃቸው አባል መሆኑን ሰምተው «ምን ሆነ?» ብለው የደነገጡ እናት አውቃለሁ። አብዛኛው አባል የገባው ጓደኛውን፣ እኅቱን ወይም አክስቱን ስላየ፣ አለዚያም ጉዳዩ ስለሚገደው ነው።

ከሚሰጡት ሥልጠናዎች ሁሉ እኔ ዘንድ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ቪ-ኤ-አር የሚባለው የማድመጥ ዘዴ ነው። ስሙ ከሦስቱ እርምጃዎቹ የእንግሊዝኛ መጠሪያዎች የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው። በመጀመሪያ፣ ጓደኛህ የሚሰማው ነገር እውነት መሆኑንና እንደምታምነው ትነግረዋለህ። ቀጥሎ፣ ይህን መናገር ቀላል እንዳልሆነ በመረዳት ለአንተ ስለነገረህ ታመሰግነዋለህ። በመጨረሻ፣ ሊረዳው ወደሚችል ሰው፣ ቦታ ወይም ልማድ ታመላክተዋለህ። ሲነበብ ያን ያህል የሚያስደንቅ አይመስልም። ከእኛ አነጋገር ጋር ሲነጻጸር ግን ለውጡ ትልቅ ነው።

አንዲት ልጅ «ከአልጋዬ መነሣት አቅቶኛል፤ ምንም ነገር አያስደስተኝም» ብትል፣ በእኛ ቤት የምትሰማው መልስ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «አይዞሽ፣ ይሄማ ምን አላት»፣ «እኛ ስንቱን አልፈን ነው እዚህ የደረስነው»፣ «ጸልዪበት»፣ «ብዙ ስለምታስቢ ነው»፣ «እስቲ ትንሽ ቅመሺ»። እነዚህ ቃላት ከፍቅር የሚወጡ ናቸው፤ ተናጋሪውም የሚችለውን እየሰጠ ነው። ሰሚዋ ጋ ሲደርሱ ግን የተናገረችውን ነገር ያሳንሱባታል፤ አንዳንዴም ለተከፈለላት መሥዋዕትነት ምስጋና ቢስ እንደሆነች እንድታስብ ያደርጓታል። ሁለተኛ ላለመናገር የምትወስነው ያኔ ነው። በቪ-ኤ-አር የሠለጠነ ጓደኛ በዚያው ቅጽበት «ይህ በጣም ከባድ ነው፤ እንዲህ ሆነሽ እየተማርሽ መቆየትሽን አላወቅሁም ነበር» ይላል፤ ከዚያም «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» ይላል። በልምምዱ ላይ የተማሪዎችን ፊት ስመለከት የሚከብዳቸው የመጀመሪያውን እርምጃ ማከናወን ነበር። መፍትሔ ሳይሰጡ ለአፍታ መቆየት፣ በተለይ እንደኛ በምክርና በተረት ላደገ ሰው፣ ልምምድ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ሥልጠናው በግልጽ የሚያስቀምጠው ሌላ ነገር ደግሞ ወሰኑን ነው። ጓደኛ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ይዞ የሚጠብቅ ዘብ መሆን የለበትም፤ ራስን ስለ ማጥፋት የሰማውን ነገር ደግሞ ምሥጢር አድርጎ መያዝ አይገባውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ በቀጥታ «ሕይወትህን ስለ ማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው አእምሮ ውስጥ እንደማይዘራ የዘርፉ ባለሙያዎች የተስማሙበት ነገር ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህን ጥያቄ በቃል ማውጣት እንደ ሟርት ይቆጠራል። እኔ ግን ጥያቄው በእርጋታ ሲጠየቅ ተጠያቂው እፎይ ሲል አይቻለሁ፤ ለብቻው የተሸከመውን ነገር ሌላ ሰው ያለ ፍርሃት ስላነሣለት ነው። ይህን ለመጠየቅ ድፍረት የሚሰጥ ሥልጠና፣ ሌላ ምንም ባይሰራ እንኳ፣ ለእኔ የድርጅቱን መኖር ብቻውን ያጸድቅልኛል።

ድርጅቱን በሕዝብ ዘንድ ያሳወቀው ግን የቦርሳዎቹ ዐውደ ርእይ ነው። በእንግሊዝኛ ሴንድ ሳይለንስ ፓኪንግ ይባላል። በ2008 ሲጀመር በሣር ላይ 1,100 የተማሪ ቦርሳዎች ተዘርግተው ነበር፤ ቁጥሩ በአሜሪካ በየዓመቱ ራሳቸውን ያጠፋሉ ተብሎ የተገመቱትን የኮሌጅ ተማሪዎች ይወክላል። ከቦርሳዎቹ ብዙዎቹ ልጃቸውን ወይም ወንድምና እኅታቸውን ያጡ ቤተሰቦች የሰጧቸው ሲሆኑ፣ በላያቸው ላይ ስለ ሟቹ የተጻፈ ታሪክ ይገኛል። ተማሪው ወደ ክፍል ሲሄድ በዚያ መካከል ያልፋል፤ ቆሞ ያነባል። ዝግጅቱ በጥንቃቄ የሚመራ ነው፤ የአሟሟት ዝርዝር አይነገርም፣ የምክር ባለሙያዎች በአካባቢው ይቆማሉ፣ የእርዳታ ስልክ ቁጥሮች ይታደላሉ። ይህን ጥንቃቄ የማደንቀው ስለ ራስን ማጥፋት በግዴለሽነት የሚደረግ ወሬ ለተጋለጠ ሰው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ነው። ሆኖም በቅርቡ ሰው የሞተባቸው ተማሪዎች ሳይዘጋጁ እንዳይደርሱበት ቅርንጫፉ ቀኑንና ቦታውን በሰፊው አስቀድሞ ማስታወቅ ይኖርበታል፤ ይህም በየቦታው በእኩል ደረጃ የሚፈጸም አይመስለኝም።

ከዝግጅቶቹ ይልቅ ዘላቂ ለውጥ የሚያመጣው ድርጅቱ በተማሪዎች አማካይነት የሚያካሂደው የፖሊሲ ቅስቀሳ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምሳሌ የቀውስ ጊዜ ስልክ ቁጥር በተማሪ መታወቂያ ጀርባ ላይ እንዲታተም ቅርንጫፎች በየዩኒቨርሲቲያቸው ተከራክረዋል። ካሊፎርኒያ ይህንኑ በሕግ ደንግጋ ከሐምሌ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን መታወቂያ ተማሪው ከኪሱ የማይለየው፣ ዶርም ለመግባትም ካፌ ለመብላትም የሚያወጣው ነገር ነው። በኮርስ መግለጫ ወረቀት ላይ መምህራን ስለ ምክር አገልግሎቱ አጭር ማሳሰቢያ እንዲያካትቱ የሚደረገው ጥረትም እንዲሁ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው በሕመም ምክንያት ትምህርት ስለ ማቋረጥ የሚወጣው ደንብ ነው። ብዙ ተማሪዎች እርዳታ የማይጠይቁት «ከተናገርኩ ያባርሩኛል» ብለው ስለሚፈሩ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት የለሽ አልነበረም። በየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የቀድሞ ምሩቃን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ክስ ያቀረቡት ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ተማሪዎች ትምህርታቸውን እንዲያቋርጡ ይገፋል፣ ለመመለስም ከባድ ሁኔታ ያስቀምጥባቸዋል በሚል ነበር። ክሱን ካቀረቡት መካከል የተማሪ ጓደኛቸውን ሞት ተከትሎ የተቋቋመ ቡድን ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው በጃንዋሪ 2023 ደንቡን አሻሻለ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በስምምነት ጨረሱ። ይህ የአክቲቭ ማይንድስ ሥራ አይደለም፤ የምጠቅሰው ተማሪ ተደራጅቶ ሲከራከር ታላቅ የሚባል ተቋም እንኳ ደንቡን እንደሚቀይር ስለሚያሳይ ነው። የአክቲቭ ማይንድስ ቅርንጫፎችም እንዲህ ያለውን ደንብ አንብበው ጥያቄ እንዲያነሡ የሚያግዝ መመሪያ ያገኛሉ። ይሁን እንጂ በተግባር ብዙዎቹ ቅርንጫፎች ጉልበታቸውን የሚጨርሱት በፈተና ሰሞን ብስኩት በማደል፣ ውሾች አምጥቶ ተማሪ እንዲደባብሳቸው በማድረግና ስለ ውጥረት ማቅለያ በራሪ ወረቀት በመበተን ነው። ይህ ክፉ አይደለም፤ ለመቀራረብ ይረዳል። ነገር ግን በዓመት ውስጥ አንድ የፖሊሲ ጥያቄ እንኳ ሳይዝ የሚጨርስ ቅርንጫፍ ድርጅቱ የሰጠውን ትልቁን መሣሪያ ሳይጠቀምበት ቀረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ደካማው ጎን ልምጣ። የሥልጠናው ሦስተኛ እርምጃ ማመላከት ነው፤ የሚመላከተውም በአብዛኛው ወደ ዩኒቨርሲቲው የምክር ማዕከል ነው። ማዕከሎቹ ለተማሪው ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ይሠራሉ፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ችግሩ የባለሙያዎቹ ቁጥር ከተማሪው ብዛት ጋር የሚመጣጠን አለመሆኑ ነው። የምክር ማዕከሎችን የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ማኅበር ለ1,000 እስከ 1,500 ተማሪዎች ቢያንስ አንድ ባለሙያ እንዲኖር ይመክራል፤ በብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ጫናው ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ቀጠሮ ይርቃል፣ ለአንድ ተማሪ የሚፈቀደው የቀጠሮ ብዛት ይገደባል፣ ረዘም ያለ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ከግቢ ውጭ ወዳሉ ባለሙያዎች ይላካል። በፈተና ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን የከፈተ ተማሪ «ከሦስት ሳምንት በኋላ ና» ሲባል፣ ጓደኛው በብዙ ጥረት የከፈተው በር መልሶ ይዘጋል። ቅርንጫፉ ይህን አስቀድሞ ማወቅና ለአባላቱ መንገር አለበት። አስቸኳይ ጉዳይ ላለው ተማሪ ብዙ ማዕከሎች በዕለቱ የሚያዩበት አሠራር አላቸው፤ ለዚህ ግን ሲደውሉ ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የእኛ ልጆች ደግሞ በይሉኝታ «ምንም አይደል፣ እጠብቃለሁ» የሚሉ ናቸው።

የእኛ ተማሪዎች የሚያነሷቸው ፍርሃቶች በድርጅቱ ጽሑፎች ውስጥ በበቂ ሁኔታ አይታዩም። የመጀመሪያው «ወላጆቼ ይሰማሉ» የሚለው ነው። በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ መሠረት ተማሪው ኮሌጅ ሲገባ የትምህርት መዝገቡ ባለቤትነት ከወላጅ ወደ ራሱ ይዛወራል፤ በምክር ክፍል ውስጥ የተነገረ ነገር ደግሞ ከዚህም በላይ ጥበቃ አለው፤ ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ካልተፈጠረ በቀር ያለ ተማሪው ፈቃድ አይገለጽም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ቀዳዳ ግን አለ። በአሜሪካ ልጅ እስከ 26 ዓመቱ በወላጁ የጤና ኢንሹራንስ ሥር ሊቆይ ይችላል፤ ከግቢ ውጭ ያለ ባለሙያ ዘንድ በዚያ ኢንሹራንስ ሲታከም፣ ስለ ተከፈለው ሒሳብ የሚገልጸው ደብዳቤ በኢንሹራንሱ ባለቤት ስም ወደ ቤት ሊመጣ ይችላል። ተማሪው ቀደም ብሎ ወደ ኢንሹራንሱ ደውሎ ደብዳቤው በሌላ አድራሻ ወይም በራሱ የኢንተርኔት መዝገብ እንዲደርሰው መጠየቅ ይችላል። ይህን የሚነግረው ሰው ሳያገኝ ደብዳቤው ቤት ደርሶ ከባድ ጭቅጭቅ የተነሣበት ተማሪ አውቃለሁ።

ሁለተኛው የቪዛ ፍርሃት ነው። በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የመጡ ኢትዮጵያውያን «የአእምሮ ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ ወደ አገሬ እመለሳለሁ» ብለው ይሰጋሉ። የምክር ማዕከል መሄድ በራሱ ቪዛን አያሰርዝም። ቪዛውን አደጋ ላይ የሚጥለው ነገር ትምህርቱ ሲከብድ ማንንም ሳያማክሩ ኮርስ መጣል ነው። ደንቡ በሕመም ምክንያት ኮርስ መቀነስን፣ አስፈላጊ ከሆነም ለተወሰነ ጊዜ ጨርሶ አለመመዝገብን ይፈቅዳል፤ ለዚህም ፈቃድ ያለው ሐኪም ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የጻፈው ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ጠቅላላ ጊዜው በአንድ የትምህርት ደረጃ ከ12 ወር መብለጥ የለበትም፤ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤትም ተማሪው ኮርሱን ከመጣሉ በፊት መፍቀድ አለበት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ኮርሱን ጥሎ በኋላ ማስረጃ መፈለግ ብዙ ሰው ጎድቷል። አክቲቭ ማይንድስ ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ይህን በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ በየቅርንጫፉ ቢያድል፣ ከብስኩቱ ሁሉ የላቀ ሥራ በሠራ ነበር።

ሦስተኛው እምነት ነው። ጠበል የሚጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ወይም በጸሎት የሚጽናና ተማሪ ባለሙያ ዘንድ ሲሄድ እምነቱን እንደሚያንቋሽሹበት ይገምታል፤ ቤተሰቡ ደግሞ ሐኪም ማየት የእምነት ጉድለት ነው ይለዋል። ሁለቱም ወገን አንዱን ለመምረጥ ሲያስገድደው ተማሪው መካከል ላይ ይቀራል። ጸሎቱንም ሕክምናውንም አንድ ላይ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ይህን ደፍረው የሚናገሩ ካህናትና ሼኮች አሉ፤ ቅርንጫፎቹ ግን አያውቋቸውም። ለዚህ ተስማሚው ድልድይ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ተማሪዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ የባህል ምሽት ያዘጋጃል፣ ምግብና ጭፈራ ያቀርባል፣ አዳራሹም ይሞላል። ከአክቲቭ ማይንድስ ጋር አንድ ምሽት ተባብሮ የማድመጥ ሥልጠናውን በአማርኛና በትግርኛ በሚመላለስ ንግግር ቢሰጥ፣ ወደ ክበቡ ስብሰባ ፈጽሞ የማይመጡ ተማሪዎችን ያገኛል።

ሥራው ፍሬ ማፍራቱን በተመለከተ ማስረጃ አለ። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በካሊፎርኒያ በሚገኙ 12 ኮሌጆች ከ1,100 በላይ ተማሪዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አቅርቧል። ተማሪዎች ድርጅቱን ይበልጥ ባወቁ መጠን ስለ አእምሮ ጤና ያላቸው እውቀት እንደጨመረና የማግለል አመለካከታቸው እንደቀነሰ፣ በሥራው ውስጥ ይበልጥ በተሳተፉ መጠን ደግሞ የተቸገረ ተማሪን የመርዳት ተግባራቸው እንደጨመረ ጥናቱ ያሳያል። ይህ መልካም ውጤት ነው። ጥናቱ የለካው እውቀትን፣ አመለካከትንና የመደገፍ ተግባርን እንጂ የሞት ቁጥርን አይደለም፤ ስለዚህ «ክበቡ ካለ ልጄ ከአደጋ ነጻ ነው» ብሎ የሚያስብ ወላጅ ከማስረጃው በላይ እየሄደ ነው።

የቅርንጫፎቹ ጥራት በአመራሩ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑም መነገር አለበት። አንዲት ትጉህ ፕሬዚዳንት ስትመረቅ ክበቡ አብሯት ሊመረቅ ይችላል፤ በሚቀጥለው መስከረም የስብሰባ ማስታወቂያ እንኳ የሚለጥፍ ይጠፋል። በሌላ በኩል ጥቂት ልበ ሩኅሩኅ ተማሪዎች የግቢውን ሸክም ሁሉ በላያቸው ጭነው ራሳቸው ይደክማሉ። ለአባላት ድጋፍ የሚሰጥ አማካሪ ባለበት ቅርንጫፍ ይህ ይታረማል፤ በሌለበት ግን ሌሎችን ሲያደምጡ የሚያደምጣቸው ያጣሉ።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ ወዳጆቼ ይህ አሠራር እዚያ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ሐሳቡ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ኤች አይ ቪ ሰዎችን ከጎረቤት በሚያስገልልበት ዘመን ፀረ ኤድስ ክበቦች በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው ተቋቁመው፣ በሚኒ ሚዲያና በድራማ ተማሪ ለተማሪ እንዲያስተምር አድርገዋል፤ የብዙ ሰው አመለካከትም በዚያ ተለውጧል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በምደባ ከቤተሰቡ ርቆ፣ አንዳንዴም ቋንቋውን በማያውቅበት ከተማ፣ በአንድ ዶርም ከብዙ ልጆች ጋር ስለሚኖር የጓደኛ ዓይን እዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሊፈተሽ የሚገባው ግን ሦስተኛው እርምጃ ነው፦ ተማሪው የሚመላከትበት የግቢ ክሊኒክ፣ የምክር ባለሙያና በአካባቢው ያለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሠራ በስም ሳይታወቅ ክበቡን መክፈት ተማሪዎችን ለማይችሉት ኃላፊነት ማጋለጥ ይሆናል።

ለመግባት የሚያስብ ተማሪ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ቅርንጫፉን መመዘን ይችላል፤ የክበቡ አማካሪ ማን ነው፣ አባላት በቪ-ኤ-አር መቼ ይሠለጥናሉ፣ በዚህ ዓመት ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ምን እንዲቀየር እየጠየቃችሁ ነው። ለሦስቱም መልስ ያለው ቅርንጫፍ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው። ለመጀመሪያው መልስ ከሌለው ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ወላጆችም ከክበቡ ውጭ በእጃቸው ያለውን አገልግሎት ይወቁ። ከሐምሌ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመላው አሜሪካ 988 በተባለው የቀውስ ጊዜ ስልክ ቁጥር ቀንም ሌሊትም ደውሎ በነጻ ከሠለጠነ ሰው ጋር መነጋገር ይቻላል። በራሱ የተጨነቀ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ልጁ የሚሰጋ አባት ወይም እናትም መደወል ይችላሉ። በጽሑፍ መልእክት የሚሰጠው አገልግሎት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ስለሆነ አማርኛ የሚፈልግ ሰው መደወል አለበት፤ ስልኩ ሲነሣ «አምሃሪክ» ብሎ ቋንቋውን በእንግሊዝኛ ስሙ መጥራትና አስተርጓሚ እስኪገናኝ ድረስ መስመሩን ሳይዘጉ መጠበቅ ነው።